ትከሻዋ ላይ ቁጥር የተሸከመችው ኤ

እናቴ አባቴን በጠመኔ ልትገድለው እንደሆነ ያወቅኩት ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው።

መግደያው በር ላይ ነበር። እንጅባራ ባለው ግቢያችን፣ ከዋናው ቤት በስተግራ፣ ለተከራይ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረችን፤ በሯ ቆርቆሮ፣ ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ። ተከራዩ መምህር ምንይችል ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሊያስተምር ከደጋ ዳሞት የመጣ፣ ጢሙን የማይላጭ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የሚከናነብ፣ ብቻውን ሲሄድ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ዛሬ ሳስበው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ይበርዳል፣ ጋቢ ያስከናንባል። ያኔ ግን ሽማግሌ ነበር የሚመስለኝ፤ ከሽማግሌም ደብተራ።

ደብተራነቱን ያወቅኩት ከጎረቤታችን ከእትዬ አምሳለ ነው። የቀርቀሃ አጥራችን ላይ አገጯን አስደግፋ መዋል የምትወድ ሴት ነበረች።

"ከዚያ አገር የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም" አለቻት እናቴን አንድ ቀን፣ እሱ እንዳይሰማ በአዊኛ። "ያጎቴን በቅሎ ያደረቃት እንዲህ ያለ ጢማም ነው። ፊደል ጻፈ፣ ቁጥር ጻፈ፤ በቅሎዋ በቆመችበት ቀረች።"

"በቅሎዋ አርጅታ ነበር እኮ፣ እትዬ አምሳለ።"

"ሳቂ። አንቺ ሳቂ። ጉዱን ግን ጓሮሽ አስቀምጠሽዋል።"

ትልልቆቹ ከተከራዩ የሚደብቁት ነገር ሲኖር ወደ አዊኛ ይገባሉ። እሱ አንድ ቃል አያውቅም። እኔ ግን እናቴ የዘንገና አካባቢ ልጅ ስለሆነች አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው፤ ከእኔ የሚደበቅ ወሬ አልነበረም። በሩ ላይ የሚነጋገሩት ነገር ብቻ አማርኛም አዊኛም አልሆን አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ምንይችል ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቴ መቀመጫ ዱካዋን ይዛ ትወጣና ከክፍሉ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። እሱ በሩን ይዘጋል፤ ራሱም ውጭ ነው። ከኪሱ ጠመኔ ያወጣና በተዘጋው በር ላይ ይጽፋል። ገብቶ መጻፍ ሲችል የገዛ በሩን ዘግቶ ብርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ከደብተራ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ያገባች ሴት ባሏ በሌለበት የወንደላጤ ክፍል አትገባም፤ ወንደላጤውም አባወራው የሌለበት ቤት አይገባም። ሰሌዳቸው የበሩ ውጪ የሆነው ለዚህ ነው፤ መንደሩ ሁሉ እያያቸው፣ ማንም ምንም እንዳይል። መንደሩ ያው አየ፣ ያው አለ። ይህ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የሚጻፈውን አውቀው ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የእንግሊዝኛዋን ኤ ክፍል ውስጥ ተምሬያታለሁ። የእኛ ኤ ብቻዋን የምትቆም፣ ከጎኗ ጉንዳን የተሳለላት፣ ጨዋ ፊደል ናት። የበሩ ኤ ግን ትከሻዋ ላይ ትንሽዬ ቁጥር ተሸክማለች። አንዷ ሁለት፣ አንዷ ሦስት፣ አንዷ ሰባት። መሐል ላይ ረጅም መስመር ይሰመራል፤ ግማሾቹ ከመስመሩ በላይ፣ ግማሾቹ ከመስመሩ በታች፣ እንደ ሕያዋንና እንደ ሙታን። ከዚያ እናቴ ትነሳና ጠመኔውን ተቀብላ ከላይ አንዷን፣ ከታች አንዷን በጭረት ትመታቸዋለች። ደግሞ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ብዙ ሆነው የጀመሩት ፊደሎች እየተመናመኑ ሄደው መጨረሻ ላይ አንዲት ብቻዋን ትቀራለች። እናቴ ከሥሯ ሁለት መስመር ታሰምርባትና ፊቷ ይበራል።

"ከላይ ያለውና ከታች ያለው እኩል ከሆኑስ፣ መምህር?" ስትለው ሰማሁ። "ሁለቱም ይጠፋሉ?"

"ጠፉ አይባልም፣ እትዬ ዘውድነሽ። ዜሮ ብለው እንዳይጽፉብኝ። አንድ ይቀራል።"

"ተያይዘው ከጠፉ አንዱ ከየት መጣ?"

"አምስት ዳቦ ለአምስት ሰው ቢያካፍሉ ለያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?"

"አንድ።"

"በቃ። ሲካፈሉ ፓወሩ፣ ጫፉ ላይ ያለው ትንሹ ቁጥር፣ ይቀናነሳል፤ ተቀናንሶ ዜሮ ከመጣ መልሱ አንድ ነው። ፊደሉ ማንም ይሁን ማን።"

"ማንም ይሁን ማን?"

"ራሱ ዜሮ ካልሆነ በቀር።"

እናቴ ጠመኔ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "እንግዲህ አዝመራው ከመምጣቱ በፊት ልጨርሰው" አለች። "ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።"

አዝመራው አባቴ ነው።

ያኔ አገሩ ሁሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ጀምሮ ነበር። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ዛፍ በቀለበት፤ ዛፉ ተቆርጦ አፈር ለብሶ ሲጨስ ይከርማል። አባቴ ከሰሉን በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። ሄዶ ሳምንት ይቆያል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሲመጣ ከፊቱ የሚታየው ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ነው፤ አንስቶ ሲስመኝ ጉንጬ ላይ ማህተም ይቀራል።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንድ ይቀራል ተብሏል። የሚቀረው ጠመኔውን የያዘው እንደሆነ ለመገመት ሁለተኛ ክፍል መድረስ ይበቃል።

እውነቱን ላሳጥረው። እናቴ የአስረኛ ክፍል ፈተና በግል ልትፈተን ተመዝግባ ነበር። ቀደም ብሎ፣ እኔን አርግዛ ተፈትና ሒሳብ ጥሏታል። ያኔ ያባቴ ጓደኞች "ሚስትህ ሁለት ሆና ተፈትና አንድ ጥያቄ መመለስ አቃታት" ብለው ቀለዱበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን "የፈተና ወሬ ዳግመኛ እንዳልሰማ" አላት። አልሰማም። እሷ ግን መምህራን ኮሌጅ መግባት ፈለገች፤ ለዚያ ደግሞ ሒሳብ ማለፍ ነበረባት። እሱ ከመምጣቱ በፊት ልትጨርሰው የፈለገችው እሱን ሳይሆን የፓወር ሕጎችን ምዕራፍ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው አስማት በጠበል እንደሚፈርስ ነው፤ እሱንም ከእትዬ አምሳለ ነው የሰማሁት። ከእሷው የጠበል ጀሪካን በጣሳ ቀድቼ፣ ግቢው ጭር ሲል በሩን ከላይ እስከ ታች አጠብኩት። ፊደሎቹ ነጭ እንባ እየሆኑ ወረዱ። በማግስቱ ሌሎች ተተኩ። እንደገና አጠብኩ፤ እንደገና ተተኩ።

"በሩን የሚያጥበው ማነው?" አለች እናቴ።

"ዝናቡ ይሆናል" አላት ምንይችል።

እውነትም በእኛ አገር ግንቦት ላይ ሰማዩ ራሱ በየቀኑ ያጥበዋል። ጠበሉን በከንቱ ጨረስኩት።

አባቴ በማይጠበቅበት ቀን መጣ። ጭነት ተሰርዞበት ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰ፤ እናቴ ገበያ ናት፣ ምንይችል ሱሪ ሊያሰፋ ወጥቷል። አይሱዙውን ግቢ አስገብቶ ወረደና፣ እጄን ይዞ ወደ ቤት ሲያልፍ በሩን አየው። እናቴ ለብቻዋ ስትለማመድ የጻፈችው ነበር።

a² × a³ = a⁵

"ይኼ ምንድነው?" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"አትንካው!"

"ምነው?"

"አስማት ነው። ደብተራው ነው ያስተማራት። አሁን እማዬም መጻፍ ችላለች።"

"የቱ ደብተራ?"

"ምንይችል። አንተን ሊያጠፉህ ነው። አንድ ብቻ ነው የሚቀረው ተባብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ከበሩ ፊት ለፊት የተቀመጠውን የእናቴን ዱካ አየ፤ ከዱካው እስከ በሩ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ። አሁን ሳስበው የመጀመሪያው ሐሳቡ ሒሳብ አልነበረም። ርቀቱ በቂ ሆኖ አገኘው መሰለኝ፣ ትከሻው ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ነው በሩን በደንብ ያነበበው። ደጋግሞ አነበበው። ከአይሱዙው ኋላ የከሰል ስባሪ አንስቶ መጣና አምስቷን ሰርዞ ከጎኗ ትልቅ ስድስት ጻፈ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! አባቴም ይችልበታል። መልሶ ደገመባቸው።

እናቴ ድንች የሞላ ዘንቢል ይዛ በአጥሩ በር ገባች። ፊት ያየችው መኪናውን ነው፣ ቀጥሎ እሱን፣ ከዚያ በሩን።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለችው። ዓይኗ ስድስቷ ላይ ነው።

"እንኳን ደህና ቆየሽኝ። ስታጠኚ ከረምሽ አሉ።"

"ማን አለ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያባቴን ሱሪ ይዤ ነበር።

"እሽ፣ አጠናሁ" አለች።

"እንዳልሰማ ብዬሽ ነበር።"

"አልሰማህም እኮ። አነበብክ።"

ከአጥሩ በላይ "እሰይ!" የሚል ድምፅ መጣ።

"እትዬ አምሳለ፣ አጥሩ እንዳይወድቅብን" አለ አባቴ ዞር ሳይል።

"እንዳይወድቅ ነው እኮ የደገፍኩት፣ አንተ ልጅ።"

አባቴ የከሰሏን ስባሪ በሩ ላይ ቆረቆረ። "ለመሆኑ ምኑን አጠናሽው? ሁለትና ሦስት ተባዝተው አምስት የሆኑት የት አገር ነው? መናኸሪያ ያለውን ሊስትሮ ብትጠይቂው ስድስት ነው ይልሻል።"

"የሚባዙት ሁለትና ሦስት አይደሉም። ኤዎቹ ናቸው የሚባዙት። ቁጥሮቹ ቆጣሪ ናቸው።"

"የምን ቆጣሪ?"

"ኤ ስንቴ በራሷ እንደተባዛች የሚቆጥሩ። ይቺ ሁለቴ፣ ያቺ ሦስቴ። ሲገናኙ ይደመራሉ።"

"የማባዣ ምልክት መሐላቸው ቆሞ ይደመራሉ ትይኛለሽ? ዓይኔ አልጠፋም፣ ዘውድነሽ።"

"ዓይንህማ ደህና ነው።"

"ተይ እንግዲህ!" ድምፁ ከፍ አለ፤ ከዚያ መልሶ ወረደ። "እኔ ክፉ ተመኝቼልሽ አይደለም። አንቺ ስትወድቂ ሰው የሚስቀው በእኔ ነው።"

"በእኔ ነው የሳቁት" አለች እናቴ። "አንተማ አብረሃቸው ሳቅክ።"

እትዬ አምሳለ አገጯን ከአጥሩ ላይ አነሳች። ከበላያችን ሰማዩ አጉረመረመ። እናቴ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች።

"ስማኝ" አለችው። "ስድስት ከሆነ ፈተናው ይቅር። ዳግመኛ ጠመኔ አልነካም፣ ዳግመኛም በእኔ ምክንያት ማንም አይስቅብህም። አምስት ከሆነ ግን አንተው ራስህ ዳንግላ መፈተኛው ድረስ ታደርሰኛለህ። በአይሱዙ። ከፊት አስቀምጠህ።"

"ማን ሊፈርድ? ምንይችልሽ?"

"ምንይችልም አይደለም፣ አምሳለም አይደለችም። ልጅህ ትቁጠር።"

"ትቁጠር!" አለ አባቴ፣ ያሸነፈ ያህል።

እናቴ ጠመኔውን አንስታ ከሒሳቡ ሥር፣ ለእኔ ቁመት በሚሆን ቦታ፣ በትልልቁ ዘረዘረችው። ሁለት በምትለዋ ሥር ሁለት ኤ፣ ሦስት በምትለዋ ሥር ሦስት ኤ፣ ሁሉንም በአንድ መስመር።

a × a × a × a × a

"ነይ ፀደይ" አለችኝ። "ስንት ኤ አለ? የምታይውን ብቻ ንገሪን።"

ወደ በሩ ቀረብኩ። በዓይኔ ቆጠርኩ። አምስት ነበሩ። አምስት ደግሞ የጠመኔው ቁጥር ነው፤ የእናቴ፣ የደብተራው። ያባቴ ቁጥር ስድስት ነው፤ በገዛ ከሰሉ የጻፈው። አምስት ብዬ ከተናገርኩ እንደ እትዬ አምሳለ አጎት በቅሎ፣ በቆመበት ሊቀር ነው። ዞሬ አየሁት። ግንባሩ ላይ ላብ በከሰሉ መሐል ቀጭን መንገድ ሠርቶ ይወርዳል። በዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ የማዝንለት ሰው አልነበረም።

"ስድስት" አልኩ።

"ልጄ፣ ተረጋግተሽ ቁጠሪ" አለች እናቴ።

"ስድስት ነው!"

እናቴ አልተከራከረችም። ብትከራከር ይቀላት ነበር፤ በሩ እዚያው ነው፣ ኤዎቹም አልሸሹም። እሷ ግን ዳኛዋን ራሷ መርጣለች። ጠመኔውን ዱካው ላይ አስቀምጣ ዘንቢሏን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ስትጎነበስ ፊቷን አየሁት። ሰውን ማዳን እንዲህ ደስ የማይል ነገር ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

አባቴ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ፍርዱ ለእሱ ነው፤ እጄን ይዞ ወደ ቤት መግባት ብቻ ነው የቀረው። አልገባም። እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፣ ጎንበስ ያለችውን እናቴን አየ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደና በርከክ አለ። በከሰል የጠቆረ አውራ ጣቱን የመጀመሪያዋ ኤ ላይ ጫነ።

"አንድ" አለ።

ጣቱን ሲያነሳ ኤዋ ላይ ጥቁር አሻራ ቀረ።

"ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።"

ከቀኝ ወደ ግራም መለሰው፤ ጭነቱን ሲረከብ ማዳበሪያ እንደሚቆጥረው። እዚያም አምስት ሆነ። ሲነሳ ስድስቷን በክርኑ ጠረጋት፤ አልጠፋ ስትለው እጅጌውን በምራቁ አርሶ ደገማት።

"ይቺ ልጅ መቁጠር አታውቅም" አለ። "ፓወሩን ትተሽ መጀመሪያ እሷን አስተምሪ።"

እናቴ ዘንቢሉን አልለቀቀችም። "ስንት ነው?" አለችው።

"አምስት ነው አልኩ እኮ።"

"አልሰማሁህም።"

"አምስት! ዘውድነሽ፣ አምስት ነው! ከመነሻው እንዲህ ዘርዝረሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት?"

"ፈተናው አሳጥሪ ነው የሚለው። ዘርዝሪ አይልም።"

"ማሳጠሩ ነው ሰው የሚያጣላው" አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መቼ ነው ዳንግላ?" ሲል ጠየቃት።

ሰኔ ላይ በአይሱዙ ወሰዳት፤ ከፊት አስቀምጦ። ሲ አመጣች። ሲ ማለት ለእሷ ምን እንደሆነ የሚገባው የወደቀ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ጥሊሊ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ይፈሯታል፣ እኔም ስልክ ስትደውልልኝ ቀጥ ብዬ ነው የማወራው። አባቴ ሊያናድዳት ያማረው ዕለት ምሳ ላይ "ስድስት ነው እኮ" ይላታል፤ እሷም በየጊዜው ትናደዳለች። ስለዚያ ቅዳሜ ስጠይቃቸው እኔ ሥራ አስፈትቻቸው ከመንገድ እንዳዘገየኋቸው ያህል ያስታውሱታል። "ልጅ ነበርሽ፣ መቁጠር አልለመድሽም ነበር" ይሉኛል። አላረምኳቸውም።

በዚያን ሰዓት ግን እኔ ግቢው መሐል ቆሜ አባቴ እስኪደርቅ እጠብቅ ነበር። እኔ ለማዳን ስድስት ብዬለት እሱ በገዛ አፉ አምስት ብሏል፣ ያውም ሦስት ጊዜ። እናቴ ድንቿን ይዛ ስታልፍ ዝቅ ያለ ዘፈን ቢጤ ታንጎራጉራለች፤ ለእኔ ይህም መጨረሻው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነበር። አባቴ እጆቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ወደ አይሱዙው ኋላ ዞረ። ትከሻው ከጎማው በስተጀርባ ገባ። ጭንቅላቱም ገባ። ጠፋ።

ጠበቅኩ። ምንም ድምፅ የለም። ደብተራው አንድ ይቀራል እንዳለው፣ አንድ ቀረ። ማልቀስ ልጀምር ትንፋሼን ሳብኩ።

"ፀደይ!" አለኝ ከመኪናው ኋላ። "ሳሙና አምጪልኝ!"

የሞተ ሰው ሳሙና አይጠይቅም። ሮጥኩ።